ሜዳው አይነካ
(በድሬዳዋ በአንድ አፀደ ሕፃናት የወላጆች ቀን የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ ባልደረቦቼ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። በዚህ ሙቀት ሥራችሁን ጥላችሁ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን።

ስለ ዓመቱ ሥራችን እንድናገር ነው የተነገረኝ። ሪፖርቱ እጃችሁ ላይ ስላለ አልደግመውም። የማወራው ስለ ሜዳው ነው። ከኒም ዛፎቹ ሥር ያለው መጫወቻ ተነሥቶ ክፍል ይሠራበት ተብሏል።

አብዛኞቻችሁ የዚሁ አገር ልጆች ናችሁ። ከዚራ ያደገም፣ መጋላ ያደገም፣ ገንደ ቆሬ ያደገም እዚህ አለ። ፀሐይዋ በረድ ስትል ሠፈሩ በልጅ ይሞላ ነበር። ብይ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ አኩኩሉ፣ የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ ደግሞ አሸዋው ላይ ኳስ። በኦሮምኛ ተጣልተን በሶማልኛ እንታረቅ ነበር። ማን አስተማረን? እርስ በርሳችን ነዋ!

አንዲት ሕፃን መጣችልን፤ ስሟን አልጠራም። እናትና አባቷ ሥራ ስለሚውሉ ከሞግዚትና ከስልክ ጋር ነው ያደገችው። ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ ትለያለች። የእንግሊዝኛውንም ትዘምራለች። ሌላ ልጅ ሲጠጋት ግን ታለቅሳለች። ተራ መጠበቅ አታውቅም። ኳሷን የነካባትን ትነክሳለች። ለሳምንታት ቀሚሴን ይዛ ዋለች።

አንድ ቀን እቃቃ የሚጫወቱት ልጆች እንግዳ የሚሆንላቸው አጡ። አንዷ መጥታ "ነይ፣ አንቺ እንግዳ ሁኚ" አለቻት። ሄደች። አሸዋውን ቡና ነው ብለው በቆርኪ ቀዱላት። አፏ ጋ አድርሳ "ስኳር አነሰው" አለች። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ስኳር ሊያመጡ ተሯሯጡ። በማግስቱ "እናት እኔ ነኝ" ብላ ተጣላች። ተኮራረፉ። ማናችንም ጣልቃ አልገባንም። በኋላ ራሷ ሄዳ "ዛሬ አንቺ፣ ነገ እኔ" አለች። ተራ መጠበቅ ያቃታት ልጅ ናት ይህን ያለችው!

ሰው ያጣ ሕፃን ምን እንደሚሆን ዓለም በሩማንያ አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1989 የቻውሼስኩ መንግሥት ሲወድቅ ማሳደጊያዎቹ የሚያቅፋቸውና የሚያጫውታቸው ባጡ ሕፃናት ተሞልተው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2000 ቡካሬስት ውስጥ የተጀመረ ጥናት 136 ሕፃናትን ተከታተለ፤ ግማሾቹን ቤተሰብ እንዲያሳድጋቸው ተደረገ። በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ቤተሰብ ያገኙት፣ በማሳደጊያ ከቀሩት ይልቅ ቋንቋቸው ዳበረ፤ ከሰው ጋር መግባባትም ቀለላቸው።

እናንተ ግን በር ላይ "ልጄ ዛሬ ምን ጻፈ?" ትሉናላችሁ። "ከማን ጋር ተጫወተ?" የሚል ወላጅ የት አለ? ጣቱ ገና ላልጠነከረ የአራት ዓመት ልጅ ገጽ ሙሉ የቤት ሥራ ለማን ደስታ ነው? ለጎረቤት ለማሳየት ነው! አቦ፣ ልጁን ተዉት ይጫወት! አገራችን እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 ጨዋታን መብት ብሎታል። ታዲያ መብታቸውን በሲሚንቶ ልንደፍነው ነው?

ስልኩን በተመለከተ ባጭሩ፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ከሦስት እስከ አራት ዓመት ላሉ ልጆች ስክሪን በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ እንቅስቃሴ ደግሞ ከ3 ሰዓት አይነስ ይላል።

ክፍል እንደጠበበን አውቃለሁ። ከቢሮው ጀርባ ያለው መጋዘን ይጸዳና ክፍል ይሁን፤ መምህራኑ ለማጽዳት ዝግጁ ነን። ሜዳው እንዳይነካ ግን ዛሬውኑ ድምፅ ተሰጥቶበት በቃለ ጉባኤ ይያዝልን።

አመሰግናለሁ።