የሶናሩ ደብዳቤ፦ የዓመታዊ ጉባኤያችን የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ምግቡን ያዘጋጃችሁ እህቶች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሪፖርቱ በእጃችሁ ነው። የባህር ዳርቻ አጽድተናል። ልጆቻችንን በጀልባ ወስደን ወደ ሜክሲኮ የሚወርዱትን ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች አሳይተናል። በልጆቹ ኮርቻለሁ። መዋጮው ጎድሏል፤ ገንዘብ ያዡ ያስረዳሉ።

ዓመቱን ሙሉ ያነታረከን ግን የሶናሩ ደብዳቤ ነው። ሶናር ማለት የባህር ኃይሉ በልምምድ ጊዜ ድምፅ ወደ ውኃ እየለቀቀ የተደበቀ ነገር የሚፈልግበት መሣሪያ ነው። «ሳን ዲዬጎ የባህር ኃይል ከተማ ናት፤ ምን አገባን?» ያላችሁ አላችሁ። ስጋታችሁ ይገባኛል፤ እንጀራው ከጦር ሰፈሩ ጋር የተያያዘ ብዙ ሰው አለ። ያሳዘነኝ አንዳንዶች ደብዳቤውን ሳያነቡ መቃወማቸው ነው። ልምምዱ ይቁም የሚል ቃል የለበትም። ሶናሩ ዓሣ ነባሪዎቹ ከሚመገቡበት ቦታ ይራቅ ነው የሚለው።

ይህ ደግሞ ተሞክሮ የሠራ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2002 የስፔን በሆኑት በካናሪ ደሴቶች የጦር መርከቦች ሲለማመዱ 14 ባለ ምንቃር ዓሣ ነባሪዎች ወደ ዳርቻ ወጡ። የተመረመሩት ሬሳዎች ውስጥ የጋዝ አረፋ ተገኘ። እነዚህ እንስሳት እጅግ ጥልቅ ይጠልቃሉ። ተመራማሪዎች እንደሚሉት፣ የሶናሩ ድምፅ ሲያስደነግጣቸው አጠላለቃቸው ይዛባል፤ አረፋውም በሰውነታቸው ውስጥ የሚፈጠረው ከዚያ ነው። ስፔን በ2004 በደሴቶቹ ዙሪያ ሶናር ከለከለች። ተመራማሪዎች በ2013 ሲጽፉ፣ ከእገዳው ወዲህ እዚያ አንድም እንዲህ ያለ የጅምላ ሞት አላዩም ነበር። የስፔን ባህር ኃይል አልፈረሰም!

እዚሁ እኛ ዘንድም በ2008 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሶናር ክርክር ለባህር ኃይሉ ቢፈርድም፣ በ2015 በስምምነት በካሊፎርኒያ ዳርቻ ባሉት በካታሊናና በሳን ኒኮላስ ደሴቶች መካከል ሶናር ተገድቦ ነበር። ስምምነቱ በ2018 መጨረሻ አበቃ። በዚያው ዓመት በወጣ ሕግ የባህር ኃይሉ የልምምድ ፈቃድ የሚቆይበት ረጅሙ ጊዜ ከ5 ዓመት ወደ 7 ዓመት ከፍ አለ። ፈቃድ ሲታደስ ሕዝብ አስተያየት ይጠየቃል። ያ ጊዜ ሲከፈት እኛ ቴሌግራም ላይ እንጨቃጨቅ ነበር፤ አለፈን። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ተናድጃለሁ።

እዚያ ግሩፕ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የጻፉት ዛሬ ወንበራቸው ባዶ ነው። ወንድሞቼ ናቸው፤ ግን ክርክር ፊት ለፊት ነው የሚያምረው።

ደብዳቤው አሁን የሚሄደው ለኮንግረስ ተወካዮቻችን ነው። በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ። ያልተስማማችሁበት መስመር ካለ ከቡናው በፊት ንገሩኝ፣ እናስተካክለው። የተስማማችሁ ፈርሙ። የቀሩትን የምታውቁ ደግሞ አሁኑኑ ደውሉላቸው፤ ስብሰባው እስከ ማታ ነው፣ ይደርሳሉ።