ባንጆ፣ ሳክስፎንና ክራር በአንድ መድረክ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ሰፈር ኮንሰርት ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ 150 የሚታጠፍ ወንበር፣ አንድ ትንሽ ሚክሰር (የድምፅ ማመጣጠኛ)፣ ሁለት ስፒከር። ፕሮግራሙ ላይ ጊታር ይዞ የጥንት ዘፈን የሚዘፍን የፎክ ዘፋኝ አለ፣ የጃዝ ኳርቴት (የአራት ሰው ባንድ) አለ፣ የብሉግራስ (በክር መሣሪያዎች የሚጫወቱት የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ) ባንድ አለ። ሦስቱም ለአካባቢው እንግዳ አይደሉም። የጃዙ ሰው ዱክ ኤሊንግተን በ1899 የተወለደው እዚሁ ዋሽንግተን ነው፤ ሴልደም ሲን የተባለው የብሉግራስ ባንድም በ1971 የተቋቋመው ሜሪላንድ፣ ቤተስዳ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ደግሞ የእኛም ሰፈር ናቸው፤ ስለዚህ አዘጋጆቹ «ክራር የሚጫወት ሰው አለ?» ብለው ቢጠይቁ አይገርምም።

እንዲህ ያለ ምሽት ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሙዚቀኞቹ አይደለም። ሦስቱን ሙዚቃ በአንድ አሠራር ለማሰማት ስለሚሞከር ነው የሚበላሸው። እያንዳንዱ ሙዚቃ ተጫዋቾቹ የሚደማመጡበት የራሱ መንገድ አለው፤ መድረኩም ያንን መከተል አለበት ብዬ አምናለሁ።

ከብሉግራስ ልጀምር፣ ብዙ የሚወራበት እሱ ስለሆነ። ስሙን ያገኘው ከቢል ሞንሮ ባንድ ነው። ሞንሮ የኬንታኪ ሰው፣ የማንዶሊን (የትንሽ ባለክር መሣሪያ) ተጫዋች ነበር፤ ባንዱን ብሉ ግራስ ቦይስ ያለው በግዛቱ ቅጽል ስም ነው። በ1945 መጨረሻ ኧርል ስክረግስ ባንጆውን ይዞ ሲቀላቀለው፣ በሦስት ጣት የሚንቆረቆረው አመታቱ ዛሬ ብሉግራስ የምንለውን ድምፅ ሞላው። የባንጆ መነሻ ምዕራብ አፍሪካ ነው፤ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ከቅልና ከቆዳ እየሠሩ አሜሪካ ላይ ያቆዩት መሣሪያ ነው። ቆዳ ተወጥሮበት የሚወጣ ድምፅ አዳራሽ ሰንጥቆ እንደሚሄድ መሰንቆ ያዳመጠ ሰው ይገባዋል።

በልማዳዊው ብሉግራስ ድራም የለም። ቤዙ አንድና ሦስት ላይ ይመታል፤ ማንዶሊኑ ሁለትና አራት ላይ ክሮቹን አፈን አድርጎ «ቸክ» ይላል፤ ከበሮው እሱ ነው። ከጥንት የመጣው አቋቋማቸው ደግሞ አራት አምስት ሆነው በአንድ ማይክ ዙሪያ ነው። ማይኩ ሰፊ መስማት የሚችል ኮንደንሰር የሚባለው ዓይነት ይሁን፤ ከሚክሰሩ 48 ቮልት ካልተለቀቀለት አይሠራም። ቁመቱ ከዘፋኙ ደረትና አገጭ መካከል ይሆናል፤ ጀርባው ወደ ሕዝቡ፣ ፊቱ ወደ ባንዱ። ድምፅ የሚያመጣጥኑት በእግራቸው ነው። ተራው የደረሰ ሰው ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል፣ ጨርሶ ያፈገፍጋል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ በግምት 6 ዴሲቤል ስለሚወርድ፣ አንዲት እርምጃ የሚክሰር ቁልፍ ያህል ትሠራለች። ባንጆ በጣም መጠጋት የለበትም። ጊታር ግን ከሁሉም ለስላሳ ነው፤ እሱ ሲገባ ሌሎቹ ዝቅ ካላሉ ተራው ባክኖ ይቀራል።

ስህተቱ የሚጀምረው ከሚክሰሩ ዘንድ ነው። ሚክሰሩን የያዘው ሰው ጊታሩ አልተሰማም ብሎ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ወዲያው ባንጆው ይጠጋል፤ ማይኩ ያፏጫል። ሚክሰር ላይ ያለው ሰው ልኩን አንዴ ካገኘ እጁን ማንሳት አለበት። ወደ ተጫዋቾቹ የዞረው የመድረክ ስፒከር ይጥፋ፤ ትልልቆቹ ስፒከሮችም ከማይኩ ፊት፣ ወደ ሕዝቡ ተጠግተው ይቁሙ። ቤዝ ብቻ የራሱ መስመር ቢኖረው አይከፋም፤ በርቀት ስለሚጠፋ።

ስለ አቋቋም አንድ ትንሽ ነገር ልበል። የጊታር አንገት ወደ ተጫዋቹ ግራ ይወጣል፤ ቫዮሊን ተጫዋች ደግሞ የሚስበው በቀኝ እጁ ነው። ስለዚህ ቫዮሊኑን ከጊታሩ በስተግራ አጠገቡ ካቆማችሁት፣ የጊታሩ ጫፍና የቫዮሊኑ መምቻ መሃል ላይ ይጋጫሉ። ቦታ ይቀያየሩ።

ጃዙ ሌላ ዓለም ነው፤ ሚዛኑ የሚነሳው ከድራሙ ነው። በ150 ሰው አዳራሽ ለድራምም ለሳክስፎንም ማይክ አያስፈልግም። ጠንካራ ግድግዳ ባለው ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የሚጮኸው ሲምባል (የድራሙ የብረት ሰሃን) ነው፤ ድራመሩ በዱላ ፈንታ የሽቦ ብሩሽ ቢይዝ ፒያኖውና ቤዙ ሳይጎሉ ይሰማሉ። ደግሞ ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተሞከረ ድምፅ ሰው ሲገባ ይለወጣል፤ ልብስና ሰውነት ማስተጋባቱን ይጠጣሉ። በሙከራው ሰዓት የሚያስተጋባው ሁሉ ችግር ነው ብላችሁ አትደንግጡ።

ድራምና ፒያኖ ለማንሳት ጊዜ ስለሚወስዱ ከመጀመሪያው ከኋላ ተዘርግተው ይቆያሉ፤ ሌሎቹ ከፊታቸው ይጫወታሉ። ብዙዎች የሚረሱት እዚህ ላይ ነው። ስኔር ከሚባለው ትንሽ ድራም ሥር የተዘረጉት ቀጫጭን ሽቦዎች ቤዝ በተመታ፣ ዘፋኝ ድምፁን ባወጣ ቁጥር ብቻቸውን ይንጫጫሉ። ያ ለስላሳ የጥንት ዘፈን እየተዘፈነ ከኋላ «ዝዝዝ» ሲል፣ ሰው ስፒከሩ የተበላሸ ይመስለዋል። መፍትሔው ከስኔሩ ጎን ያለችውን መያዣ ማላቀቅ ነው፤ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም፤ ግን የማን ሥራ እንደሆነ አስቀድሞ ካልተነገረ ማንም አያደርገውም።

ለፎክ ዘፋኙ ሁለት ማይክ ይበቃል፣ አንዱ ለአፍ አንዱ ለጊታር። እሱን መጀመሪያ አስገቡት፤ ጆሮ ከከባድ ድምፅ በኋላ ለስላሳውን አያስተውልም።

ወደ መጨረሻው፣ ሁሉም አብረው ወደሚጫወቱበት ልምጣ። እኔ ከሁሉ የምወደው ይሄን ነው። እንግሊዛዊው ሴሲል ሻርፕ ከ1916 እስከ 1918 የአፓላችያን ተራሮችን እየዞረ ዘፈን ሲሰበስብ፣ ብዙዎቹ በአምስት ድምፅ የተሠሩ ሆነው አግኝቷቸዋል። በፈረንጅ የኖታ ስም አምስቱን ከጂ ብንጀምር ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ ናቸው። ክራር የያዘ ሰው ወዲያው ያውቃቸዋል፤ ትዝታ ሜጀር ነው፣ አንድም ክር ሳይጎድል። ክራሩን በጂ ትዝታ ቃኝታችሁ የብሉግራሱ ኮርድ (አብረው የሚመቱት ድምፆች) ወደ ሲ ሲሄድ ሲ የሚባለው ድምፅ ክራሩ ላይ የለም፤ ግን ጂና ኢ አሉ፣ ሁለቱም የኮርዱ አካል ናቸው። ወደ ዲ ሲሄድ ዲና ኤን ትመታላችሁ። ሦስቱንም ኮርድ ሳትቃኙ ትሻገሯቸዋላችሁ።

ጂን የመረጥኩት ለባንጆውም ስል ነው፤ በባዶ ክሩ የሚቃኘው በጂ ነው። ወደ ኤ እንውጣ ከተባለ ሁለተኛው ፍሬት (በአንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ካፖ የሚባለውን የክር መያዣ ማሰር፣ አጭሯን አምስተኛ ክር ደግሞ ሰባተኛው ፍሬት ላይ ባለችው ትንሽ ሚስማር ሥር ማስገባት ሊኖርበት ነው፤ ከዚያ እንደገና ቅኝት ማየት። አልቶ ሳክስፎንማ በኤ ሲሉት ስድስት ሻርፕ (በግማሽ ከፍ ያለ ድምፅ) ይቆጥራል። በጂ አራት ነው፤ ይችለዋል። ዋሽንት የሚነፋ ሰው ካለ ለጂ የሚስማማውን ይዞ ይምጣ፤ የዋሽንት ድምፅ በርዝመቱ ስለሚወሰን መድረክ ላይ አይቃኝም።

የቀረው መጨረሻውን መስማማት ነው። ጃዞቹ ወደ ዋናው ዜማ እንመለስ ሲሉ እጃቸውን አናታቸው ላይ ያሳርፋሉ። ብሉግራሶቹ ደግሞ ማለቁን አንድ እግር ከፍ በማድረግ ይነግሯችኋል። አንዱ የሌላውን ምልክት ካላወቀ ግማሹ ሲያቆም ግማሹ ይቀጥላል። ከመውጣታችሁ በፊት አንዱን ምረጡ፤ ማን እንደሚጀምር፣ እያንዳንዱ ስንት ዙር እንደሚጫወት ተነጋገሩ፤ ክራር ተጫዋቹን ደግሞ ከመሃል አስቀምጡት፤ ቀና ባለ ቁጥር የመሪውን እግርም እጅም እንዲያይ።