ዳኛው ሲሳሳት

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ የምቀዳው እንደ ወትሮው ከመኝታ ቤቴ አይደለም። ጎረቤቴ ጓሮ ቁጭ ብዬ ነው። በአበሻ አቆጣጠር ከሌሊቱ አስር ሰዓት ሆኗል። ከጀርባዬ ሲንጣጣ የምትሰሙት የኦክ እንጨት ነው። ዛሬ ጁላይ 4፣ የአሜሪካ የነፃነት ቀን አይደል፣ ጎረቤቴ ከማታ ጀምሮ ፍርምባ እያጨሱ ነበር። ሰባ ዓመት ያለፋቸው የቴክሳስ ሰው ናቸው። አሁን እሳቱን ለእኔ አደራ ሰጥተው ትንሽ ጋደም ብለዋል።

ያለነው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን ገና ፕሬዝዳንት ሳይሆን፣ ገና አሜሪካ የምትባል አገር ሳትኖር፣ በ1769 እዚህችው ከተማ ባርቤኪው ሄዶ እዚሁ እንዳደረ በማስታወሻው ጽፏል። ፍርምባ ያጨሰ ሰው ለምን እንዳደረ ይገባዋል። ጠንካራ ሥጋ ነው፣ ከቸኮልክበት ጫማ ይሆናል። እኚህ ሰውዬ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው የሚቀቡት። ከዚያ 250 ፋራናይት ላይ ለአስራ ምናምን ሰዓት ይተዉታል። ደግሞ መሃል ላይ አንድ የሚያስጨንቅ ነገር አለ። የሥጋው ውስጥ 160 አካባቢ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ሰዓታት ያልፋሉ፣ ቴርሞሜትሩ ፍንክች አይልም። እሳቱ ጠፍቶ አይደለም። ከሥጋው የሚተነው እርጥበት ልክ እንደ ላብ ስለሚያቀዘቅዘው ነው። የማያውቅ ሰው እዚህ ጋ ተደናግጦ እሳት ይጨምራል፣ ያበላሸዋል።

እኛም ሥጋው በቆመበት ሰዓት ነው ክርክር የጀመርነው። ስለ ዳኛ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአማርኛ ዳኛ ዳኛ ነው። ችሎት ላይ የተቀመጠውም ዳኛ፣ ሜዳ ላይ ፊሽካ የያዘውም ዳኛ። እንግሊዝኛ ግን ይለያያቸዋል፤ የፍርድ ቤቱ ጃጅ፣ የእግር ኳሱ ሬፈሪ፣ የቤዝቦሉ አምፓየር። ለዚህ ነው ጆን ሮበርትስ በ2005 ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኝነት ታጭቶ ሴኔት ፊት ሲቀርብ ንግግሩ ያን ያህል የተወራለት። ዳኛ እንደ አምፓየር ነው አለ። አምፓየር ሕግ አያወጣም፣ የወጣውን ያስከብራል እንጂ። አምፓየር ለማየት ብሎ ስታዲየም የሚገባ ሰው የለም አለ። አሜሪካኖች ይኸው እስከ ዛሬ ምሳሌው ይሠራል አይሠራም እያሉ ይከራከሩበታል። እኔ መጀመሪያ ስሰማው የገረመኝ፣ የእኛ ቋንቋ ከጥንቱ አንድ አድርጎት የለም እንዴ?

ጎረቤቴ ሮበርትስ ልክ ነው ባይ ናቸው። ዳኛ የራሱን ስሜት ቤቱ ትቶ ይምጣ ይላሉ። እኔ ደግሞ ምሳሌውን ተቀብዬ ወደ ሌላ ቦታ ነው የወሰድኩት። እሺ፣ ዳኛ እንደ አምፓየር ከሆነ፣ ሲሳሳትስ?

ይሄን ስላቸው ወዲያው አንድ ስም ጠሩ፣ ጂም ጆይስ። ታሪኩን አውቀው ነበር ግን ከእሳቸው አፍ ስሰማው እንደ አዲስ ነው የሆነብኝ። ቤዝቦል ለማትከታተሉ ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ወርዋሪ 27 ተጋጣሚዎችን ተራ በተራ አስወጥቶ አንዳቸውንም ቤዝ፣ ማለትም መቺው ሮጦ የሚረግጠውን ምልክት፣ ካላስረገጠ ፍጹም ጨዋታ ይባላል። ከመቶ ዓመት በላይ በሆነው ታሪክ ሃያ ምናምን ጊዜ ብቻ ነው የሆነው። በጁን 2010 የዲትሮይቱ አርማንዶ ጋላራጋ፣ የቬንዙዌላ ልጅ ነው፣ 26ቱን ጨርሶ አንድ ቀረው። የመጨረሻው ሰው መታ፣ ሮጠ፣ ኳሷ ቀደመችው። በግልጽ ቀደመችው! ወጥቷል መባል ነበረበት። ጆይስ ግን እጆቹን ዘርግቶ ደርሷል አለ።

ጋላራጋ ምን አደረገ መሰላችሁ? ፈገግ አለ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም፣ ተመልሶ የሚቀጥለውን ሰው አስወጣ። ጆይስ ከጨዋታው በኋላ ቪዲዮውን አየ። አይቶ ምክንያት አልደረደረም። ያን ልጅ ፍጹም ጨዋታውን ያሳጣሁት እኔ ነኝ ብሎ ለጋዜጠኞች ተናገረ። ልጁን አገኘውና እያለቀሰ ይቅርታ ጠየቀው፣ ተቃቀፉ። በማግስቱም ጨዋታ ነበር፣ ጆይስም ዋናው ዳኛ እሱ ነበር። የተሰላፊዎቹን ዝርዝር ይዞ የመጣው ደግሞ ጋላራጋ ራሱ ነው። ሰውዬው ወረቀቱን ሲቀበል እንባውን እየጠረገ ነበር።

ውጤቱ ግን አልተቀየረም። እስከ ዛሬ መዝገቡ ላይ ፍጹም ጨዋታ ተብሎ አልተጻፈለትም። ይሄ ያንገበግበኛል። ቢሆንም ሰውዬው ለማመን አንድ ምሽት እንኳ አልፈጀበትም።

አሁን ወደ ችሎት እንሂድ። በ1892 ፕሌሲ የሚባል የሉዊዚያና ሰው ነጮች ብቻ የሚሳፈሩበት ባቡር ክፍል ገብቶ ተቀመጠ፣ ተከሰሰ፣ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1896 ሰባት ለአንድ ፈረዱበት። ተለያይቶ መቀመጥ እኩል አለመሆን ማለት አይደለም ብለው። አንዱ ዳኛ ሃርላን ብቻ የሐሳብ ልዩነቱን ጽፎ ተቃወመ። ይሄ ውሳኔ በትምህርት ቤቶች ጉዳይ የተገለበጠው በ1954 ነው፣ ብራውን በሚባለው መዝገብ፣ ዘጠኝ ለዜሮ። መሃል ላይ 58 ዓመት አለ። ውሳኔው በወጣበት ዓመት የተወለደ ጥቁር ልጅ ተለይቶ ተምሮ፣ ተለይቶ ተሳፍሮ፣ አግብቶ ወልዶ፣ ሽማግሌ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ከፈረዱት ሰባት ዳኞች ደግሞ በሕይወት የነበረ አንድም የለም። ማን ይቅርታ ይጠይቅ?

እኔን የሚያመኝ እዚህ ጋ ነው። ሰው ነው፣ ዳኛ ይሳሳታል። የሚለካው ስህተቱን ለማመን በሚፈጀው ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ የራሴን ልጨምር። ባለፈው ዓመት በትራፊክ ቅጣት ፍርድ ቤት ቀርቤ ነበር። ዳኛዋ ወረቀቷን አየች፣ ጥፋተኛ ነህ አለችኝ፣ የቅጣቱን መጠን ነገረችኝ። ግራ ገባኝ፣ የጠራችው ፍጥነት ከኔ ወረቀት ጋር አይገናኝም። ግን ማን አፍ ይከፍታል? ክራባት ያሰረ ሰው ሁሉ ፖሊስ በሚመስልበት አዳራሽ? ዞር ብዬ በሩ ጋ ስደርስ በስሜ ጠራችኝ። አጠራሯ ስሜን ሰባብሮታል ግን እኔ ነኝ። “ያየሁት የሌላ ሰው መዝገብ ነው። ስህተቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ” አለችኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ። ቅጣቱ በግማሽ ቀነሰ፣ እሱን ግን አሁን ረስቼዋለሁ። ያልረሳሁት መነጽሯን አውልቃ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች መናገሯን ነው። እኛ አገር በሕግ አምላክ ሲሉ እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባላል። የዚያን ቀን ሕጉ ራሱ ቆሞ የጠበቀኝ መሰለኝ።

ይሄን ሁሉ ስናወራ ጎረቤቴ ሥጋውን በወረቀት ጠቀለሉት። ከዚያ ክርክሩ ወደ ዕድሜ ልክ ሹመት ዞረ፣ እዚህ ላይ አልተስማማንም።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኝ ዳኞች አሉት። ፕሬዝዳንት ያጫል፣ ሴኔት ያጸድቃል፣ ከዚያ እስከ ሞት ወይም እስኪበቃኝ እስኪሉ ድረስ ነው። ስለዚህ የአገሩ ዕጣ በሰው ጤና ላይ ተንጠልጥሏል። ጂሚ ካርተር አራት ዓመት ሙሉ ሲገዛ አንድም ዳኛ ለመሾም ዕድል አላገኘም። ትራምፕ በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ሦስት ሾመ። ይሄ ምርጫ ነው ወይስ ዕጣ? አንዲት የ87 ዓመት ሴት ሆስፒታል በገባች ቁጥር አገር በሙሉ ትንፋሹን ይይዝ ነበር፣ ዳኛ ሩት ጊንስበርግን ማለቴ ነው። እኔ ይሄ ለእሷም ክብር አይመስለኝም።

ደግሞ አንድ ያልዋጥኩት ነገር አለ። በፌብሩዋሪ 2016 ዳኛ ስካሊያ ሲሞት ኦባማ ሜሪክ ጋርላንድን አጨ። በሪፐብሊካኑ ሚች ማኮኔል የሚመራው ሴኔት፣ ምርጫ ዓመት ነው፣ ሕዝብ ይወስን ብሎ ቃሉን እንኳ አልሰማውም። በ2020 ጊንስበርግ ስታርፍ ግን ያው ማኮኔል፣ ያው የምርጫ ዓመት፣ ኤሚ ኮኒ ባሬት ምርጫው ስምንት ቀን ሲቀረው ጸደቀች። ጎረቤቴ “ሕገ መንግሥቱ ለሴኔት ሥልጣን ሰጥቷል፣ ሕግ አልጣሱም” ይላሉ። ልክ ናቸው፣ አልጣሱም። ግን ከእረፍት በፊት ኦፍሳይድ ያልከውን ከእረፍት በኋላ ጎል ካልክ ተመልካቹ ያንተን ሕግ ምን ብሎ ይመን? ዴሞክራቶቹ በቦታው ቢሆኑና ይሄንኑ ቢያደርጉ ይሄንኑ ነበር የምለው።

የኔ ሐሳብ 18 ዓመት ነው። አዲስ አይደለም፣ ባይደንም በ2024 ጠይቆት ነበር። ዘጠኝ ወንበር፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ይለቀቃል፣ እያንዳንዱ ፕሬዝዳንት በአንድ ዘመኑ ሁለት ይሾማል። አለቀ። እሳቸው ደግሞ ማንም የማያባርረው ዳኛ ብቻ ነው የማይፈራው ይላሉ። ይሄ ቀላል ክርክር አይደለም፣ ዳኛ የሚፈራበት አገር ምን እንደሚመስል ለእኛ አይነገረንም። ግን 18 ዓመት ላይ ላይታደስ የሚያልቅ ሰው ማንን ይፈራል? ለማን ያጎበድዳል?

በአንድ ነገር ተስማማን፣ በፕሬዝዳንት ሊንደን ጆንሰን። የአገራቸው ልጅ ስለሆነ ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸው ይቀየራል። በ1963 መጨረሻ፣ ኬኔዲ ከሞተ ገና አንድ ወር ካለፈው፣ የጀርመኑ መራሔ መንግሥት ኤርሃርድ ሲመጣ ጆንሰን ወደ ቴክሳስ ወስዶ ባርቤኪው ነው ያበላው። ብርድ ስለነበር የትምህርት ቤት ጂም ውስጥ። ያው ጆንሰን በ1967 ቱርጉድ ማርሻልን የመጀመሪያው ጥቁር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ አድርጎ ሾመ። ማርሻል ማን ነው? የብራውንን መዝገብ በጠበቃነት ተከራክሮ ያሸነፈው ሰው። ቬትናም የምትባል ቁስል ባትኖርበት፣ እኔ ጆንሰንን ከሁሉም ፕሬዝዳንቶች በላይ ባስቀመጥኩት። በ1965 የፈረመው የስደተኞች ሕግ ባይኖር ደግሞ እዚህ ጓሮ መቀመጤንም እንጃ።

ቴርሞሜትሩ አሁን 190 አልፏል። 203 ሲደርስ ቀስቅሰኝ ብለውኛል፣ ስለዚህ ብዙ አልቆይም።

ማታ እማዬ ነጠላዋን ደርባ መጥታ ከኛ ጋር ተቀምጣ ነበር። የሐዋርያት ጾም ስለሆነ ሥጋው አይመለከታትም። ጁላይ 4 ሁሌም በዚህ ጾም ላይ ነው የሚውለው፣ ጎረቤቴም ይሄን ካወቁ ወዲህ ለእሷ በቆሎ ለብቻው ይጠብሱላታል፣ ቅቤ ሳይነካው። በቆሎዋን እየፈለፈለች፣ ምንድነው እንዲህ የሚያነታርካችሁ አለችኝ። ስልኬን አውጥቼ የጆይስን ቪዲዮ አሳየኋት። እንግሊዝኛ አትሰማም፣ ቤዝቦል አይታ አታውቅም። የማግስቱ ምስል ላይ ስንደርስ፣ ሰውዬው ዓይኑን ሲጠርግ፣ ስልኩን ከእጄ ወስዳ አስጠጋችው።

“የሚያለቅሰው የተበደለው ነው?”

“አይ እማዬ፣ ዳኛው ነው።”

ዝም ብላ ደግማ አየችው። ከዚያ ስልኩን መለሰችልኝና ለሰውዬው እዚያው እንዳለ ያህል፣ “አይዞህ ልጄ” አለችው።