«የት?» አለች አለቃዬ

እሺ። እየቀዳ ነው መሰለኝ። ቀዩ በርቷል።

ዛሬ የኮንዶሚኒየሙን ኮሚቴ ክፍል ሁለት ነበር ቃል የገባሁላችሁ። ይቆይ። ኮሚቴውም የትም አይሄድም፣ ሊፍቱም አይሠራም። ለጠየቃችሁኝ፣ እማዬ ደህና ናት። ቤት ስለምውል አሁንም ሥራ ፈት ነው የምመስላት። ባለፈው ለጎረቤት «በየወሩ ብር የሚልኩላት ሰዎች አሉ» ስትል ሰምቻታለሁ።

የዛሬው ግን የማክሰኞው ጉዳይ ነው። እስካሁን አልወጣልኝም።

ሥልጠና ላይ ነን፣ በዙም። አዲሱ ሲስተም፣ ያው፣ የደንበኛ ችግር የምንፈታበት። አለቃችንን ታውቋታላችሁ፣ ከማዶ ያለችው። ጥሩ ሰው ናት። ይሄን ደጋግሜ የምለው እውነት ስለሆነ ነው። ሥልጠናው ሲያልቅ «አንድ ጊዜ ቆዩልኝ» አለች። አንድ ነገር ገርሟታል። ቪዲዮዎቹን እስከ መጨረሻው ያየ ሰው ጥቂት ነው። መወያያ ገጹ ላይ ጥያቄ የጠየቀ የለም። ሥራው ግን ደህና እየሄደ ነው። እንዲያውም አዲሶቹ ከድሮዎቹ ቶሎ ነው የለመዱት። «እንዴት ነው?» አለች።

ዝም።

ከዚያ የቢሾፍቱዋ ልጅ፣ አዲሷ፣ ማይኳን ከፈተች። «እርስ በርሳችን እንጠያየቃለን» አለች። በቅንነት ነው ያለችው። እንደ ጥሩ ነገር። ጥሩ ነገርም ነው እኮ!

የአለቃዬ ፊት በራ። «የት?» አለች።

ይህቺ «የት» ናት እንግዲህ ማታ ማታ የምትመጣብኝ።

በቃ፣ ስክሪኑን አስቡት። ትንንሽ ሳጥኖች። ግማሹ ካሜራው ጠፍቷል። ካሜራው የበራ ሰው ሁሉ ድንገት ሌላ ሥራ አገኘ። አንዷ ባዶ ብርጭቆ አንስታ ጠጣች፣ ባዶ መሆኑን አይቻለሁ። የሐዋሳው ልጅ አፉን ከፍቶ ደርቆ ቀረ። ኔትወርክ ነው ወይስ ትወና ነው? ጠየቅኩት፣ እስካሁን አልመለሰልኝም። የቢሾፍቱዋ ልጅ ዓይኗ ከሳጥን ሳጥን ይሄዳል። የሆነ ነገር እንደተበላሸ ገብቷታል፣ ምን እንደሆነ ግን አላወቀችም። ማን ይንገራት? ሁሉም እያየ።

ከዚያ አንዱ ሚዩቱን ከፈተና «በስልክ… አንዳንዴ» አለ።

ወዲያው ዶሮ ጮኸ። እውነቴን ነው! የጋሼ ማይክ ክፍት ኖሯል። የባሕር ዳሩ ጋሼ፣ ካሜራ ከፍተው የማያውቁት። የሳቸውን ዶሮ ሁላችንም ድምፁን እናውቀዋለን፣ በሚልኩት ቮይስ ሁሉ ላይ አለ። ጴጥሮስ ነው ትዝ ያለኝ። ልስቅ ነበር፣ ግን ደግሞ ሆዴን የሆነ ነገር ያዘኝ።

አለቃዬ «በስልክ። በጣም ጥሩ» አለች። ተሰነባበትን።

ለማታውቁት፣ የምንጠያየቅበት ግሩፕ ቴሌግራም ላይ ነው። አለቃ የሌለበት። ስሙን አልናገርም፣ ስሙ ራሱ ያስባርራል። ማታ ከሥራ በኋላ አንዱ ስክሪንሾት ይለጥፋል። «ደንበኛው ገንዘቡ ተቆርጦበታል፣ ሲስተሙ ግን አልደረሰም ይላል፣ ምን ላድርግ?» ይላል። ጋሼ ቮይስ ይልካሉ። ረጅም ነው። መጀመሪያ ሰላምታ አለ፣ ቀጥሎ ባንክ ይሠሩ በነበረ ጊዜ የገጠማቸው አንድ ደንበኛ አለ፣ ከዚያ ዶሮው፣ ከዚያ መልሱ። መልሱ ሁልጊዜ ልክ ነው። የትኛውን ቁልፍ መጫን እንዳለብህ ብቻ አይነግሩህም። ሰውየው ለምን እንደተናደደ፣ መጀመሪያ ምን ብትለው እንደሚረጋጋ ጭምር ይነግሩሃል። ቪዲዮው ውስጥ ይሄ የለም።

አንዴ እንዴት እንዲህ ማስረዳት እንደቻሉ ስጠይቃቸው ቄስ ትምህርት ቤት ነው አሉኝ። እዚያ ፊደል የለየው ልጅ ስንደዶውን ይዞ ታናሹን ያስቆጥራል። የኔታ አንድ ናቸው፣ ልጁ ብዙ ነው፣ ሌላ አማራጭ የለም። «ያልገባኝን ያወቅኩት ሳስተምር ነው» አሉኝ።

አሁን የኩባንያውን መወያያ ገጽ እዩት። ሁለት አስተያየት የጻፈ ኮከብ ያገኛል። ስለዚህ ሁሉም «በጣም ጠቃሚ ትምህርት ነው፣ እናመሰግናለን» ይጽፋል። የሚቀጥለው «እስማማለሁ» ይላል። በኮከብ የሚመራን የሐዋሳው ልጅ ነው፣ በ«እስማማለሁ» ብቻ። ብሬክአውት ሩም የሚሉትንስ፣ ዙም ላይ በትንንሽ ክፍል የሚከፋፍሉንን? አራት አራት አድርገው ይከቱሃል፣ አንዱ «እህ፣ ማን ይጀምር?» ይላል፣ ሰዓቱ ያልቃል።

ግን ቆይ። ሰዎች ለምን እዚያ ዝም፣ እዚህ ወሬ?

አልበርት ባንዱራን አንስቼላችሁ አውቃለሁ? የስታንፎርዱ ሳይኮሎጂስት፣ የአሻንጉሊቱ ሰውዬ። ሰው ሌላውን አይቶ ይማራል ያለው። በፈረንጆቹ 1961 የሠራውን ሁሉም ያወራል። ትልቅ ሰው ቦቦ የምትባለውን የአየር አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ልጆች እነሱም ደበደቧት። እኔን የያዘኝ ግን የ1965ቱ ነው። ያኔ ልጆቹ ያዩት ፊልም የተለያየ ነበር። አንዳንዶቹ ያዩት ሰውዬ ሲደበድብ ይሸለማል፣ አንዳንዶቹ ያዩት ደግሞ ይቀጣል። ቅጣቱን ያዩት ልጆች ብዙም አልደገሙትም። ታዲያ አልተማሩም ማለት ነው? በኋላ «ያያችሁትን ለሚያሳየን ሽልማት አለ» ሲባሉ ልዩነቱ ጠፋ። ለካ ሁሉም ይዘውታል። ማሳየቱን ነው የተዉት።

እኛም ጋ እንደዚያ ነው። አምና አንዲት ልጅ ሥልጠና ላይ ጠየቀች። አሠልጣኙ ፈገግ ብሎ «ይሄ እኮ አራተኛው ስላይድ ላይ አለ» አላት። ፈገግ ብሎ! ክፉ ነገር አልተናገረም። ግን ከዚያ ወዲህ ማን ጠይቋል? የተቀጣችው አንድ ሰው ናት፣ የተማርነው ሁላችን ነን። በኮከብ የሚፈታ ነገር አይደለም ይሄ። አለቃ ራሷ ወጥታ «ይሄ ለኔም አልገባኝም፣ የገባው አለ?» ብትል ሌላ ነገር ነው። ወይም… እሱም ትወና ይመስል ይሆናል።

ስለዚህ ማክሰኞ ማታ ድምዳሜዬ ዝግጁ ነበር፦ ግሩፑ የሚሠራው አለቃ ስለሌለበት ነው፣ አትንኩት።

ከዚያ የዜሮክስ ጠጋኞች መጥተው አበላሹብኝ።

ጁልያን ኦር የሚባል አንትሮፖሎጂስት ነው፣ በ1980ዎቹ። ዜሮክስ ውስጥ እየሠራ ፎቶ ኮፒ ማሽን ጠጋኞችን አጠና። እያንዳንዱ ጠጋኝ ለብቻው ነው ደንበኛ ጋ የሚሄደው። እንደኛው። ኩባንያው ሁሉም ነገር መመሪያው ላይ አለ ይላል። ማሽኑ ግን መመሪያውን አላነበበም። ሰዎቹ ቁርስና ምሳ ላይ ይገናኙና የማሽን ተረት ያወራሉ፦ ይሄን ኮድ ጻፈብኝ፣ እንዲህ መስሎኝ ነበር፣ ለካ እንዲህ ኖሯል። ትምህርቱ እሱ ነበር። ጋሼ ማለት ናቸው፣ ያለ ዶሮ።

እስከዚህ ከኔ ጋር ናቸው። በኋላ ግን ኩባንያው ራሱ ለአንዳንዶቹ የመገናኛ ሬዲዮ ሰጣቸው። አዲሱ ሰው ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ይውላል፣ ሲደርስበት ይጠይቃል። በ1990ዎቹ ደግሞ ዩሬካ የሚባል ነገር መጣ። ጠጋኙ ያገኘውን ዘዴ ይጽፋል፣ የሙያ ጓደኞቹ ያዩታል፣ ከዚያ ከነስሙ ለሌሎቹ ይሰራጫል። ተጠቀሙበትም! አለቃ አወቀ፣ ነገሩ ግን አልሞተም።

እና አሁን ምን ልበል? እነሱ ያወሩ የነበረው ስለ ማሽን ነው እንዳልል፣ ስለ አለቃም አውርተው ይሆናል። የኛ ግሩፕ ግማሹ ስለ ሲስተሙ ነው፣ ግማሹ ስለ… ያው። ሁለቱ ደግሞ አይለያዩም። መጀመሪያ እንስቃለን፣ ከዚያ ነው ያ ዝምተኛው ሰው የሚጠይቀው።

ይሄን ሁሉ የማወራችሁ ረቡዕ መልእክት ስለደረሰኝ ነው። ከአለቃዬ። «አንቺ ብዙ ቆይተሻል። እርስ በርስ የምትጠያየቁበትን ነገር ማሳደግ እፈልጋለሁ። ከሥራ ሰዓት ላይ ጊዜ እንመድብለታለን። ታግዢኛለሽ?»

ከሥራ ሰዓት ላይ! አያችሁ፣ ክፉ ብትሆን እንዴት ቀላል ነበር። ጋሼ እኮ ይሄን ሁሉ የሚያስተምሩት ማታ ነው፣ በነጻ፣ በራሳቸው ካርድ። ደሞዛቸው ላይ አንድ ብር አይጨምርም። ኩባንያው ስማቸውን እንኳ በቅጡ አያውቅም። እኔ ዝም ባልኩ ቁጥር የማን ምሽት ነው የሚሄደው?

ጠየቅኳቸው። ቮይስ ላኩ። «ልጄ፣ ስሜ ቢጠራ አልጠላም። አለቃ ባለበት ግን ጨዋታ አይመጣልኝም» አሉ። ቀጥለው ስለ በቆሎ ዋጋ አወሩ። ሁለት ጊዜ ሰማሁት። አድርጊው ነው ያሉኝ? ተይው ነው?

አለቃ ያለችበት ግሩፕ ቢከፈት በዚያው ማታ የሌለችበት ሌላ እንደሚከፈት አውቃለሁ። ምናልባት ችግር የለውም። ምናልባት ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ወይም ጋሼ እዚያ ተከፍሏቸው ደረቅ ደረቁን ይነግሩናል፣ ዶሮው እዚህ ይቀራል። እንጃ። ትናንት መልስ ጽፌ አጠፋሁት።

የቢሾፍቱዋ ልጅ ደግሞ ከማክሰኞ ወዲህ ግሩፑ ላይ አልጻፈችም። ማንም አልተቆጣትም እኮ! «አይዞሽ፣ ምንም አይደለም» ብዬ በግል ጻፍኩላት። አውራ ጣት ላከችልኝ። አውራ ጣት ብቻ። ምን ማለት ነው? ተቀይማ ነው? ወይስ የኛ ዝምታ… ይሄን ነው እንግዲህ ከኛ የተማረችው ብዬ… ተዉት። የሷ ትውልድ አውራ ጣት ምን እንደሆነ የምታውቁ ጻፉልኝ።

ይሄን ሁሉ የምዘባርቀው ደግሞ አለቃዬ አታዳምጠኝም ብዬ ነው። ታዳምጣለች እንዴ? ለማን ነው የነገርኩት… ቆይ፣ የሐዋሳው ልጅ ሊንኩን… እህ። ይሄን ክፍል ቆርጬው ይሆናል።