ምስማር ጨምሬ ባሰበት፦ የአናጺው መልስ ለአድማጮች

ከአዳማ የደወሉ አባት፦ «የምግብ ወንበሮቻችን ይወዛወዛሉ። ምስማር ብጨምርበት ጭራሽ ባሰበት። ምን ይሻላል?»

አባቴ፣ መጀመሪያ መዶሻውን ያስቀምጡት። ሰው ወንበር ላይ ተደግፎ በተንፏቀቀ ቁጥር መጋጠሚያው ይጠመዘዛል። ምስማር ይህን አይችልም፤ ቀዳዳውን እያሰፋ ይወጣል። ለወንበር የሚሆነው ወንዴና ሴቴ ነው፤ የአንዱ እንጨት ምላስ (ወንዴው) በሌላው ቀዳዳ (ሴቴው) ውስጥ የሚገባበት መጋጠሚያ ማለት ነው። ወንዴው የአግዳሚውን፣ ማለትም እግሮቹን የሚያያይዘውን እንጨት፣ ውፍረት ሲሶ ያህል ይሁን። አግዳሚው 24 ሚሊሜትር ከሆነ ወንዴው 8 ይሆናል። ባለ 8 መሮ ካለዎት ደግሞ ሴቴው በመሮው ልክ ይወጣል። ሁልጊዜ ሴቴውን ያስቀድሙ፤ ወንዴውን እየላጉ ማሳነስ ይቻላል፣ የሰፋ ቀዳዳ ግን አይመለስም። ሲገጥሙት በእጅ ግፊት ይግባ። በመዶሻ ካስገደዱት እግሩ ይሰነጠቃል። ሲገለብጡት ወልቆ ከወደቀ ደግሞ ላልቷል።

ለአሁኑ ግን ወንበሩን ይፍቱት። አሮጌውን ኮላ እስከ እንጨቱ ድረስ ይፋቁት፤ አዲስ ነጭ ኮላ በደረቀ ኮላ ላይ አይዝም። ከገጠሙት በኋላ እግሮቹን ዙሪያውን በገመድ ይሰሩና ገመዱን በበትር ጠምዝዘው ያጥብቁት። እኔ ሥራ ስጀምር ሌላ ማጥበቂያ አልነበረኝም። 24 ሰዓት ማንም አይቀመጥበት። የልጅ ልጆች ካሉ ደብቁት!

ከባሕር ዳር አንዲት እህት፦ «ለቤቴ የመጽሐፍ መደርደሪያ ልሠራ ነው። የትኛውን ማሽን ልግዛ?»

እህቴ፣ ምንም። ድሪል፣ ጥሩ መጋዝ፣ ሜትርና ስኳድራ (ቀጥ ያለ ማዕዘን መለኪያ) ይበቃሉ። በስኳድራ ላይ ግን አይቆጥቡ፤ የተንጋደደ ከሆነ መደርደሪያው በሙሉ ይንጋደዳል። ቺፕውድ ከሆነ ወንዴና ሴቴ አይሞክሩ፤ ፍርፋሪ ነው የሚሆነው። በብሎን ይሥሩት፣ ግን በድሪል ሳይበሱ አያስገቡ። ለ4 ሚሊሜትር ብሎን ባለ 3 መብሻ ይሆናል። ጠርዙ ላይ ያለ ብሎን ቶሎ ስለሚለቅ ከጀርባው ስስ ኮምፔንሳቶ ይምቱበት። መደርደሪያውን ከመወዛወዝ የሚያድነው እሱ ነው።

ከደሴ፦ «የዋንዛ ጠረጴዛዬ ገጹ በበጋ ተሰነጠቀ። እንጨቱ መጥፎ ነበር?»

ዋንዛን አይውቀሱት። ገጹን ከፍሬሙ ጋር በኮላና በብሎን ቸንክረውታል መሰለኝ። ጣውላ በክረምት በወርዱ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። ሲኮማተር የሚሄድበት ካጣ ይሰነጠቃል። ሲጠግኑት ገጹን ከፍሬሙ ጋር በኮላ አያጣብቁት። ፍሬሙ ላይ ያሉትን የብሎን ቀዳዳዎች በጣውላው ወርድ አቅጣጫ ሞላላ ያድርጓቸው፤ ብሎኑ ወዲያ ወዲህ ማለት እንዲችል።