ስለ እነርሱ የጻፍነውን ያንብቡት

(ከወላጆቻቸው ተለይተው በመንግሥት እንክብካቤ ስለሚያድጉ ልጆች፣ ለተመራማሪዎችና ለማኅበራዊ ሠራተኞች ጉባኤ የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ የጉባኤው ተሳታፊዎች፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፤

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ የሕፃናት ደኅንነት ጥናት ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ የሚያስቃኝ ነው። በዚህ አዳራሽ ካላችሁት ከአብዛኞቻችሁ ጋር ለረጅም ዓመታት አብረን ሠርተናል፤ ታሪኩንም ከእኔ የተሻለ የምታውቁ አላችሁ። ስለዚህ መነሻውን በአጭሩ አልፌ፣ በመንገድ ላይ ጥለነው ስለ መጣነው አንድ ነገር ብናገር ይቅር እንደምትሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሬኔ ስፒትዝ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው ጥናት፣ ምግባቸውና ንጽሕናቸው ተጠብቆ የሚያቅፋቸው ሰው ግን ያጡ የማሳደጊያ ጨቅላዎች በአካልም በአእምሮም ምን ያህል እንደሚጎዱ አሳየ። እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦልቢ ለዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ ከእናት መለየት ልጅን እንደሚጎዳ የሚገልጸው ዘገባ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1951 ወጣ። የእነዚህ ሥራዎች የጥናት ዘዴ ብዙ ተተችቷል፤ ትችቱም ከሞላ ጎደል ተገቢ ነበር። ጥርጣሬውን በጠንካራ ማስረጃ የገፈፈው እ.ኤ.አ. በ2000 በሮማንያ ዋና ከተማ የተጀመረው የቡካሬስት ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 31 ወር የነበሩ 136 የማሳደጊያ ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹን ለዚሁ ሥራ ሠልጥነው በተዘጋጁ አሳዳጊ ቤተሰቦች ዘንድ አኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 እንደታተመው፣ ልጆቹ አራት ዓመት ተኩል ሲሆናቸው በማሳደጊያ እንዲቆዩ ዕጣ የወጣላቸው አማካይ የአእምሮ ችሎታ ልኬት 73 ገደማ፣ ቤተሰብ የተመደበላቸው 81፣ ከወላጆቻቸው ጋር ያደጉት የዚያው ከተማ ልጆች ደግሞ 109 ነበር። ቀደም ብለው ወደ ቤተሰብ የገቡት ይበልጥ አገግመዋል። ሁላችንም ይህን ሠንጠረዥ ስናስተምር ኖረናል።

እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ከሠንጠረዥ በፊት ስላለው ወረቀት፣ ስለ ልጁ የግል ማኅደር ነው።

ሥራ በጀመርኩበት ዘመን በአንድ የመዝገብ ቤት ተቀምጬ፣ በመንግሥት እንክብካቤ ያደጉ ልጆችን ማኅደር ስገልጥ ወራት አሳለፍኩ። ለመግባት የጠየቁኝ ከመሥሪያ ቤቴ የተጻፈ አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነበር። በየማኅደሩ ልባስ ላይ በተለጠፈው ቅጽ ስሜን፣ ቀኑንና «ለጥናት» የሚለውን ምክንያት ጽፌ እፈርማለሁ፤ ከዚያም የእናት ሁኔታ፣ የአባት ሁኔታ፣ የመለያየት ምክንያት፣ የዝውውር ብዛት እያልኩ ቅጼን እሞላለሁ። ያልታወቀ ነገር ሲያጋጥመኝ «9» እጽፋለሁ። ጥናቱ ታተመ፤ መልካም ስምም አተረፈልኝ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ አንዲት ሴት ቢሮዬ ድረስ መጣች። ያደገችው በማሳደጊያ ሲሆን የራሷን ማኅደር ለማየት አመልክታ፣ ሦስተኛ ወገንን የሚመለከት መረጃ ስላለበት አይሰጥም የሚል መልስ ደርሷት ነበር። ሦስተኛ ወገን የተባለችው እናቷ ናት። ይግባኝ ብላ፣ ተመላልሳ፣ በመጨረሻ የተሰጣት አብዛኛው መሥመር በጥቁር ቀለም የተደፈነ ቅጂ ነው። ቀለሙን የቀባው ሠራተኛ የልባሱን ቅጽ አስፈላጊ ነው ብሎ አላሰበም መሰለኝ፣ ሳይነካው አልፎታል። ስሜን ያገኘችው እዚያ ላይ ነው። አልተቆጣችም፤ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኑራ፣ «እርስዎ አንብበውታል፤ ምን ይላል?» አለችኝ።

የምመልስላት አልነበረኝም። በማኅደሮቹ መካከል ከወላጆች የመጡ ደብዳቤዎች እንደነበሩ አስታውሳለሁ፤ የትኛው ደብዳቤ በየትኛው ማኅደር እንደነበረ ግን አላስታውስም፤ ቅጼ ስለ ደብዳቤ አይጠይቅም ነበርና። እርሷ በእኔ መረጃ ውስጥ አንድ ረድፍ ናት፤ ስም የለውም፣ ከስንተኛው ማኅደር እንደመጣም አይታወቅም። ይህን የሥነ ምግባር ጥንቃቄ ብዬ ስኮራበት የኖርኩ ሰው፣ በዚያች ቀን ለባለቤቲቱ አንዲት ቃል መመለስ አቃተኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እኛ ግን ባዳነቱን በመመሪያ አጸናነው! ማንም የማያውቀኝ ጀማሪ በአንድ ደብዳቤ የገባበትን በር፣ ሕይወቷ የተጻፈባት ሴት በይግባኝም ልትከፍተው አልቻለችም። ምሥጢር የተጠበቀው ከማን ነው? ከእኔ አልተጠበቀም፤ ከጸሐፊው አልተጠበቀም፤ ማኅደሩን ተሸክሞ ከሚያመላልሰው ሠራተኛም አልተጠበቀም።

ጉዳዩ አዲስ ነው ብሎ የሚከራከረኝ ካለ፣ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1989 የሰጠውን ፍርድ ያንብብ። ከጨቅላነቱ ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በመንግሥት እንክብካቤ ያደገ ሰው ማኅደሩን ቢጠይቅ፣ በማኅደሩ ውስጥ ቃላቸውን የሰጡ ሰዎች ካልፈቀዱ በቀር ተብሎ ተከልክሎ ነበር። ፍርድ ቤቱ ምሥጢራዊነትን አላጣጣለም፤ ነገር ግን ቃል ሰጪው ሲጠፋ ወይም ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ሲል የሚወስን ገለልተኛ አካል አለመኖሩ የሰውየውን መብት ይጥሳል አለ። በዚያው ዓመት የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ8ኛው አንቀጹ የልጁን ማንነትና የቤተሰብ ግንኙነት ያስከብራል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 የተቀበለው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያም ለእያንዳንዱ ልጅ በራሱ ተሳትፎ የሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ እንዲዘጋጅለትና ዕድሜ ልኩን እንዲያገኘው ይጠይቃል። እዚህ ካለነው ውስጥ በሚሠራበት ተቋም ይህ መጽሐፍ በእርግጥ መኖሩን አይቻለሁ የሚል ስንት ሰው አለ?

ማንበቡ ይጎዳቸዋል የሚለውን ክርክር አልንቀውም። በማኅደር ውስጥ የሚያሰቅቅ ነገር አለ፤ ብቻውን ሊነበብ የማይገባው ገጽም አለ። ስለዚህ አብሮ የሚቀመጥ ሰው ይመደብ፤ ከሰነዱ ጋር ማብራሪያ ይሰጥ። የዝምታውን ጉዳት ግን ማን ለካ? በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያለ ወላጆቻቸው ከእንግሊዝ ወደ አውስትራሊያ ማሳደጊያዎች ከተላኩት ልጆች መካከል ወላጆቻችሁ ሞተዋል ተብለው ያደጉ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን ወላጆቻቸው በሕይወት እንደነበሩ ያወቁ አሉ። የአውስትራሊያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2009 ይቅርታ ሲጠይቅ ለብዙዎቹ እናቶች አልደረሰም።

ለእኛ ለተመራማሪዎችም ነገሩ የቸርነት ጥያቄ ብቻ አይደለም። «አስቸጋሪ ልጅ»፣ «ዘመድ የለውም»፣ «ተላምዷል» የሚሉ ቃላት ከማኅደር ወደ ቅጻችን፣ ከቅጻችን ወደ ሠንጠረዣችን ይገባሉ። ዘመድ የለውም ያለው ሠራተኛ ዘመድ ፈልጎ ነበር? በብዙ አገሮች በማሳደጊያ ካሉት ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት እንዳላቸው እናውቃለን። ጸሐፊው ልጁ አንድ ቀን እንደሚያነበው ቢያውቅ ኖሮ ሳይጠይቅ አይጽፍም ነበር ብዬ አምናለሁ፤ እኛም ያን ያህል «9» አንሞላም ነበር።

ስለ እኅትማማችና ወንድማማች መለያየት፣ 18 ዓመት ሲሞላቸው በድንገት ስለሚቋረጥ ድጋፍ፣ በዘመድ ቤት ስለሚያድጉትና በቆጠራችን ውስጥ ስለማይገቡት ልጆች ማስታወሻ ይዤ ነበር። ሌሎች ተናጋሪዎች ከእኔ በተሻለ ያቀርቡታል።

ከሰዓት በኋላ የምንወያይበት ረቂቅ መመሪያ ስለ ማኅደር አያያዝ አምስት አንቀጾች አሉት፤ አምስቱም ተመራማሪ እንዴት እንደሚገባ ይናገራሉ። ባለቤቱ እንዴት እንደሚገባ የሚናገር ስድስተኛ አንቀጽ እንዲጨመር፣ ለማኅደር ጥናት ፈቃድ የሚሰጥ መዝገብ ቤት ሁሉ ለባለ ማኅደሩም በሩን እንዲከፍት፣ እምቢታንም የሚመረምር ገለልተኛ አካል እንዲሰየም ሐሳብ አቀርባለሁ። ድምፅ ስትሰጡ፣ የዚያች ሴት ቅጂ ቀለሙ እስከ ዛሬ እንዳልተነሣለት፣ የእኔ ፊርማ ግን አሁንም በግልጽ እንደሚነበብ አስቡልኝ።

አመሰግናለሁ።