ጭብሃ፦ ሌላ ዛፍ ላይ የሚበቅለው ዛፍና የስሙ ጉዞ

[ምስል፦ የተጠላለፉ ሥሮች፣ ከቅርብ]

ይህን ግንድ በደንብ እዩት። አንድ ወጥ ግንድ አይደለም፤ እርስ በርስ የተጣበቁ ሥሮች ናቸው። መሃሉ ባዶ ከሆነ፣ እዚያ ቦታ ላይ ድሮ ሌላ ዛፍ ነበረ።

ይህ ጭብሃ ነው። በኦሮምኛ ደምቢ ይባላል። የሾላና የዋርካ ዘመድ ነው።

ወፍ ፍሬውን ትበላና ዘሩን ሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ትጥለዋለች። ዘሩ እዚያው ይበቅላል። ቀጫጭን ሥሮቹን ቁልቁል ይለቃል። ሥሮቹ መሬት ከነኩ በኋላ ማን ያቆመዋል! ይወፍራሉ፤ ሲገናኙ ይጣበቃሉ፤ ተሸካሚውን ዛፍ እንደ መረብ ይከቡታል። ብዙ ሰው "መጥምጦ ገደለው" ይላል። ይህ ግን ጭብሃን መበደል ነው። ከተሸካሚው ምግብ አይወስድም። የሚጎዳው ግንዱን አንቆ እንዳይወፍር በማድረግና ብርሃን በመሻማት ነው። ደግሞ ሁልጊዜ ዛፍ ላይ አይደለም፤ መሬት ላይም ራሱን ችሎ ይበቅላል።

[ምስል፦ የደረቀ የቅጠል ናሙና]

ሳይንሳዊ ስሙ ፋይከስ ቶኒንጊ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልንገራችሁ። ፒተር ቶኒንግ የዴንማርክ ሰው ነው። ከ1799 እስከ 1803 በዛሬዋ ጋና ጠረፍ ዕፅዋት ሰበሰበ። በ1807 እንግሊዞች ኮፐንሃገንን በመድፍ ሲደበድቡ የራሱ ስብስብ ተቃጠለ። ያ ሁሉ ልፋት! ደግነቱ ሌሎች ሊቃውንት እጅ የገቡ ናሙናዎች ተርፈዋል። በ1836 የዕፅዋት ሊቁ ካርል ሉድቪግ ብሉም ዛፉን በቶኒንግ ስም ጠራው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሆላንዳዊው የዕፅዋት ሊቅ ሚከል እንዲህ ያሉትን ዛፎች ከፋይከስ ወገን አውጥቶ ኡሮስቲግማ በሚል አዲስ ወገን መደባቸው። በ1867 መልሶ ወደ ፋይከስ ያስገባቸው ራሱ ነው። በዚህ መሃል ጭብሃ ብዙ ስም ወጥቶለታል። አንዱ በጀርመናዊው የዕፅዋት ሰብሳቢ ቪልሄልም ሺምፐር ስም ፋይከስ ሺምፐሪ የተባለው ነው። በዕፅዋት ስያሜ ሕግ ቀድሞ የወጣው ስም ስለሚጸና የጸናው የቶኒንግ ስም ነው።

እኔን የሚገርመኝ ሺምፐር ነው። ከ1837 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ኑሮውን ኢትዮጵያ አደረገ። የጊዜው የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ፣ ትግራይ ውስጥ ያለችውን እንቲጮን እንዲያስተዳድር ሾመውት ነበር። በዚያው በእንቲጮ ዙሪያ፣ በአህፈሮም፣ ገበሬዎች ዛሬ የጭብሃን ቅርንጫፍ እየቆረጡ ይተክላሉ። ሣር በሚደርቅበት በበጋ ቅጠሉን ለከብትና ለፍየል ይመግባሉ።